ያለ ቪዛ መሸጋገር፦ ከባሌ ወደ ውጭ የሚጓዝ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ደንቦች

ከሮቤ፣ ከጎባ፣ ከሲናና እና ከዲንሾ ተነስተው ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ ሰዎች ጉዳያቸው ልዩ ልዩ ነው። አንዱ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ይሄዳል፤ ሌላው ለንግድ ዕቃ ሊመርጥ ይነሣል፤ አንዲት እናት ልጇን ልትጠይቅ፣ አንድ አባት ዑምራ ሊፈጽም ይጓዛል። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው የወጪው ክብደት ነው። የአንድ ዓለም አቀፍ በረራ ትኬት ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ የምርት ዘመኑን ስንዴ ወይም የእርሻ በሬዎቹን ዋጋ ሊወስድ ይችላል።

ይህ ገንዘብ የሚባክንበት አንዱ መንገድ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ተጓዡ የመዳረሻውን አገር ቪዛ በእጁ ይዟል፤ ትኬቱም ተከፍሏል። ነገር ግን በመካከል ለሦስትና ለአራት ሰዓት ብቻ የሚያርፍበት አገር የመሸጋገሪያ ቪዛ ስለሚጠይቅ ከቦሌ ሳይነሣ ይቀራል። በሌላ ወገን ደግሞ፣ ምንም ቪዛ ሳያስፈልገው ሊያልፍበት የሚችለውን መንገድ ባለማወቁ ላልተፈለገ ወጪ የሚዳረግ ሰው አለ።

ያለ ቪዛ መሸጋገር ከትኬት ጋር አብሮ የሚሸጥ መብት አይደለም። የሚወሰነው በአራት ነገሮች ነው፦ ተጓዡ በያዘው ፓስፖርት፣ የኢሚግሬሽንን መስመር በማለፉ ወይም ባለማለፉ፣ ትኬቱ በተቆረጠበት አኳኋን እና በሚቆይበት የሰዓት ልክ። ይህ ጽሑፍ እነዚህን አራቱን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው በሚመች መልኩ ያብራራል።

መሸጋገርና መግባት ይለያያሉ

ትራንዚት ማለት አንድ መንገደኛ ወደ መዳረሻው ሲሄድ በሌላ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ወደ ሌላ በረራ መቀየሩ ነው። አየር መንገዶች በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ እስከ 24 ሰዓት የሚደርሰውን ቆይታ መሸጋገሪያ ይሉታል፤ ከ24 ሰዓት የሚበልጠውን ደግሞ ስቶፖቨር ብለው ይጠሩታል። ስቶፖቨር ማለት በጉዞ መካከል ሆን ተብሎ ለአንድ ወይም ለጥቂት ቀናት ማረፍ ነው። ልዩነቱ የትኬቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቪዛውንም ጉዳይ ይለውጠዋል።

በአብዛኞቹ ትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች ውስጥ ከአውሮፕላን የወረደ መንገደኛ ፓስፖርቱን ሳያስመታ የሚቆይበት ክፍል አለ፤ የመሸጋገሪያ ቀጠና ይባላል። በዚህ ክፍል ያለ ሰው በሕግ ፊት ወደ አገሩ እንደ ገባ አይቆጠርም። የኢሚግሬሽን መኮንኑን ጠረጴዛ አልፎ ከወጣ ግን፣ ለአንድ ሌሊት ሆቴል ለማደርም ይሁን ሻንጣ ለመቀበል፣ ወደ አገሩ ገብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚጠየቀው የመግቢያ ፈቃድ ነው።

ከዚህ አንጻር አገሮችን በሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ መንገደኛው በቀጠናው እስካለ ድረስ ቪዛ አይጠይቁም። ሁለተኛዎቹ የአንዳንድ አገሮች ዜጎች በቀጠናው ውስጥ ለመቀመጥ እንኳ አስቀድመው ቪዛ እንዲይዙ ያስገድዳሉ። ሦስተኛዎቹ የመሸጋገሪያ ቀጠና የሚባል ነገር የላቸውም፤ በእነርሱ በኩል የሚያልፍ ሁሉ እንደ ገቢ ይቆጠራል።

አውሮፓ፦ በቀጠናው ለመቀመጥም ቪዛ

የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ደንቡ በሁሉም የሸንገን አገሮች አውሮፕላን ማረፊያዎች በኩል ለማለፍ የመሸጋገሪያ ቪዛ የሚያስፈልጋቸውን የ12 አገሮች ዜጎች ይዘረዝራል። እነርሱም አፍጋኒስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያ፣ ጋና፣ ኢራን፣ ኢራቅ፣ ናይጄሪያ፣ ፓኪስታን፣ ሶማሊያ እና ስሪ ላንካ ናቸው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በፍራንክፈርት፣ በሮም ወይም በፓሪስ በኩል ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ ከቀጠናው ባይወጣም ይህ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚሆኑ አሉ። የሸንገን አገር ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ነፃ ነው። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ጊዜው ያላለፈ ቪዛ የያዘ ሰውም እንዲሁ፤ በዚያ ቪዛ ተጠቅሞ ከእነዚህ አገሮች በሚመለስበት ጊዜም ነፃነቱ አይቀርበትም። የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች የቤተሰብ አባላትና የዲፕሎማቲክ ፓስፖርት የያዙ ሰዎችም በነፃነቱ ይካተታሉ።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው የብሪታንያ ቪዛ ነው። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ የእርሷ ቪዛ በሸንገን አገሮች በኩል ያለ መሸጋገሪያ ቪዛ ለማለፍ አያገለግልም። በለንደን የምትኖር ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ የጎባ እናት በፍራንክፈርት በኩል የሚያልፍ ርካሽ ትኬት ቢቆረጥላት፣ የብሪታንያ ቪዛዋ በእጇ እያለ ከቦሌ ልትመለስ ትችላለች። ከአዲስ አበባ ለንደን በቀጥታ የሚደርሰው በረራ በዋጋ ቢበልጥም የመሸጋገሪያ ቪዛ ጣጣ የለበትም። የመሸጋገሪያ ቪዛው ክፍያና ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ምልልስ ሲታሰብ የዋጋው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይጠባል።

የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ ነው፤ የመሸጋገሪያውም ቪዛ ክፍያ ይኸው ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ተጓዡ በሚያልፍበት አገር ኤምባሲ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መልስ የሚሰጥበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ስለዚህ የአውሮፓን መንገድ የመረጠ ሰው ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ሥራውን ቢጀምር ይመረጣል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የሸንገን አገሮች ለመንገደኛ እንደ አንድ አገር ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ወደ ኒውዮርክ የሚል ትኬት የያዘ ሰው ፍራንክፈርት ላይ የሸንገንን ድንበር ይሻገራል፤ ከፍራንክፈርት ፓሪስ ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ በረራ ይታያልና። በዚህ ጊዜ የመሸጋገሪያ ቪዛም ሆነ ከእርሱ ነፃ መሆን በቂ አይደለም፤ የመግቢያ ቪዛ ያስፈልጋል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው በአውሮፓ የሚያልፍ ከሆነ በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ የሚቀይርበትን ትኬት መምረጥ አለበት።

ብሪታንያ፣ አሜሪካ እና ካናዳ

ብሪታንያም በለንደን ሂትሮው ቀጠና ውስጥ ለሚያልፉ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤቶች የራሷን የመሸጋገሪያ ቪዛ ትጠይቃለች። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ቪዛ ለያዙ ሰዎች በተወሰኑ ሁኔታዎች ነፃነት ትሰጣለች። ሁኔታዎቹ ከአውሮፓ ኅብረት ደንብ ጋር አንድ ስላልሆኑ በአንዱ የተፈቀደው በሌላው ይሠራል ብሎ መገመት አይገባም።

አሜሪካ ከሦስተኛው ወገን ናት። አውሮፕላን ማረፊያዎቿ የዓለም አቀፍ መሸጋገሪያ ቀጠና የላቸውም። ወደ ሜክሲኮም ሆነ ወደ ሌላ አገር ለማለፍ ለሁለት ሰዓት ብቻ የሚወርድ መንገደኛ በኢሚግሬሽን ፊት ይቀርባል፤ ስለዚህ የመሸጋገሪያ ወይም የጉብኝት ቪዛ ሊኖረው ይገባል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጣቸው አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች ለሦስት ወር የሚያገለግሉና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገቡ ሆነዋል። ለአንድ መግቢያ የተሰጠ ቪዛ አንዴ ከተገባበት በኋላ ለሌላ ማለፊያ አይውልም። በዚህ ምክንያት የደርሶ መልስ ትኬት ሲቆረጥ የመልሱም መንገድ እንደ መሄጃው ተለይቶ መጠናት አለበት።

ካናዳም ለመሸጋገር ቪዛ ትጠይቃለች። ከ48 ሰዓት ለማይበልጥ ማለፊያ የምትሰጠው የትራንዚት ቪዛ ግን ክፍያ የለውም። ክፍያ የለውም ማለት ማመልከቻ አያስፈልገውም ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

የባሕረ ሰላጤው መንገድ

ከባሌ የሚነሡ ብዙ ተጓዦች የሚያልፉት በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል ነው። በዱባይ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከቀጠናው ሳይወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላ አገር የሚቀጥል መንገደኛ ቪዛ አይጠየቅም። ከቀጠናው ወጥቶ ከተማውን ለማየት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የሚፈልግ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሁለት ዓይነት የመሸጋገሪያ ቪዛ አላት፦ የ48 ሰዓቱ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን የ96 ሰዓቱ 50 ድርሃም ይከፈልበታል። ሁለቱም የሚጠየቁት ከጉዞው በፊት በአገሪቱ አየር መንገዶች በኩል ነው፤ አይራዘሙም፣ አይታደሱምም። ተጓዡ ወደ ሦስተኛ አገር የሚቀጥልበት ትኬት ሊኖረው ይገባል።

ሳዑዲ ዓረቢያ በጥር 2015 ዓ.ም. በሁለቱ አየር መንገዶቿ፣ በሳዑዲያና በፍላይናስ ለሚጓዙ ሰዎች ከትኬት ጋር የሚያያዝ የመሸጋገሪያ ቪዛ ጀምራለች። ቪዛው እስከ 96 ሰዓት ለመቆየት የሚያስችል ሲሆን ዑምራ መፈጸምንና መዲናን መጎብኘትን ይፈቅዳል። ለሐጅ ግን አያገለግልም፤ ለሥራም አይሆንም። በዚህ መንገድ ለመጠቀም ያሰበ ሰው በያዘው ፓስፖርት ቪዛው የሚሰጥ መሆኑን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ከአየር መንገዱ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት።

በዚህ አካባቢ ሌላው የሚያሳስት ነገር የአውሮፕላን ማረፊያዎች ብዛት ነው። ዱባይ፣ ሻርጃና አቡ ዳቢ በአንድ አገር ቢገኙም ማረፊያዎቻቸው የተለያዩ ናቸው። ሻርጃ ወርዶ ከዱባይ የሚነሣ በረራ የያዘ ሰው በመኪና ለመሄድ የግድ ወደ አገሩ መግባት አለበት። በኢስታንቡል ሁለት፣ በለንደንም ከሁለት የሚበልጡ ማረፊያዎች ስላሉ ችግሩ እዚያም ያጋጥማል። ትኬቱ ላይ የመውረጃውና የመነሻው ማረፊያ ስም አንድ መሆኑ ሊታይ ይገባል።

ቻይና እና የሦስተኛ አገር ደንብ

ለንግድ ወደ ጓንዡ የሚሄዱ ሰዎች ስለ ቻይና የ240 ሰዓት ያለ ቪዛ ማለፊያ ሳይሰሙ አልቀሩም። ቻይና ይህን ጊዜ ወደ አሥር ቀን ያራዘመችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ነው። ተጠቃሚዎቹ ግን በስም የተዘረዘሩ 55 አገሮች ዜጎች ሲሆኑ ኢትዮጵያ ከእነርሱ መካከል የለችም። ለአብዛኛው ዓለም ዜጎች ክፍት የሆነው የ24 ሰዓቱ ማለፊያ ነው። በእርሱም ቢሆን ከማረፊያው ለመውጣት በቦታው ጊዜያዊ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መፍቀድና መከልከል የመኮንኑ ሥልጣን ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው የሦስተኛ አገር ደንብ ነው። መሸጋገር የሚባለው ከአንድ አገር ተነስቶ በሁለተኛው አልፎ ወደ ሦስተኛው መሄድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጓንዡ በኩል ወደ ባንኮክ የሚሄድ ሰው ተሸጋጋሪ ነው። ከአዲስ አበባ ጓንዡ ደርሶ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ግን ቆይታው ስምንት ሰዓት ብቻ ቢሆን እንኳ ጎብኚ እንጂ ተሸጋጋሪ አይደለም፤ ሙሉ ቪዛ ያስፈልገዋል። ይህ ደንብ በዱባይም በሌሎች አገሮችም በተመሳሳይ ሁኔታ ይሠራል።

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቀላሉ ጎረቤት ኬንያ ናት። በሁለቱ አገሮች መካከል የቆየ የቪዛ ማስቀረት ስምምነት ስላለ በናይሮቢ በኩል የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ለመሸጋገርም ሆነ ለማረፍ እንደ ሌሎቹ አገሮች አይቸገርም።

አንድ ትኬት ወይስ ሁለት?

ሁለት ተጓዦች በአንድ ቀን፣ በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል፣ ወደ አንድ አገር ቢሄዱ እንኳ አንዱ ያለ ቪዛ ሲያልፍ ሌላው ሊቀር ይችላል። ምክንያቱ የትኬቱ አሠራር ነው።

ሙሉው ጉዞ በአንድ ትኬት ከተያዘ ሻንጣው ከቦሌ እስከ መዳረሻው በቀጥታ ይላካል፤ ተጓዡም የሁለተኛውን በረራ የመሳፈሪያ ወረቀት ብዙ ጊዜ ቦሌ ላይ ይቀበላል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው ሌላ በረራ የመፈለግ ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው።

ጉዞው በሁለት የተለያዩ ትኬቶች ከተያዘ ግን ሁለቱ አየር መንገዶች ላይተዋወቁ ይችላሉ። ሻንጣው በመካከለኛው አገር ይወርዳል፤ እርሱን ተቀብሎ እንደገና ለማስመዝገብ ከኢሚግሬሽን ማለፍ ግድ ይሆናል። እንግዲህ በቀጠናው ውስጥ የመቆየት ነፃነት ለዚህ ሰው አይጠቅመውም። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢሄድም ኪሳራው የራሱ ነው። በኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚታዩ ጉዞዎች አንዳንዶቹ በዚህ መልክ የተቀጣጠሉ ናቸው። ትኬት ሻጩን “በአንድ የምዝገባ ቁጥር ነው? ሻንጣዬስ እስከ መጨረሻው ይሄዳል?” ብሎ መጠየቅ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

የሰዓት፣ የቀንና የስም ጥንቃቄ

የትኬት ሰዓት የሚጻፈው በውጭው አቆጣጠር ነው። ቀኑ የሚለወጠው እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በምንለው ጊዜ ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00:40 ካለ በረራው እኛ “ሰኞ ሌሊት” በምንለው፣ ከሌሊቱ 6:40 ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ ቦሌ የሚደርስ ሰው በአንድ ቀን ዘግይቷል። ከሮቤ አዲስ አበባ በመኪና 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በመኪና የሚመጣ ሰው ለመንገድ መዘግየት ቢያንስ የአንድ ቀን ትርፍ ጊዜ ቢይዝ ይበጃል። ከሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ በአገር ውስጥ በረራ የሚሄድ ደግሞ ያ በረራ ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ትኬት መያያዙን ይጠይቅ።

የመሸጋገሪያው ሰዓት የሚሰላውም ትኬቱ ላይ በተጻፈው የዚያው አገር ሰዓት ነው። ከምሽቱ 22:00 ወርዶ በማግስቱ 21:00 የሚነሣ ሰው 23 ሰዓት ስለሚቆይ ከ24 ሰዓት በታች ነው፤ ሁለተኛው በረራ በሁለት ሰዓት ቢገፋ ግን ልኩን ያልፋል። ስለዚህ ከገደቡ ጫፍ ላይ የሚደርስ ትኬት አለመግዛት ብልህነት ነው።

ፓስፖርት ላይ የሚጻፈው የማብቂያ ቀንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የራሳችንን ዘመን በማሰብ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል ብሎ መዘናጋት ያሳስታል። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይፈልጋሉ። ትኬቱ ላይ የሚሰፍረው ስም፣ የአባትና የአያት ስምም በፓስፖርቱ ካለው ጋር በፊደልም በቅደም ተከተልም አንድ መሆን አለበት።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም መዘንጋት የለበትም። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለምትመደብ፣ ሕንድን የመሰሉ አገሮች ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ ካርዱን ይጠይቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ደንብ እንደሚለው ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተሰጠ ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። በጉዞው ዋዜማ የተወሰደ ክትባት እንግዲህ ለዚያ ጉዞ አይደርስም።

በቤተሰብ አንድ ላይ ሲጓዙ

በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የተለያየ ፓስፖርት የያዙ ሰዎች አብረው ሲጓዙ ደንቡ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይታያል። የካናዳ ዜግነት ያላት ልጅ በፓሪስ በኩል ያለ ምንም ቪዛ ታልፋለች፤ አብራት የምትጓዝ እናቷ ግን በራሷ ፓስፖርትና በራሷ ቪዛ ትመዘናለች። ትኬቱን የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ ውጭ የሚኖረው ልጅ ስለሆነ፣ ለእርሱ የሚመቸው መንገድ ለወላጆቹ ላይመች እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ወደ አገር ቤት በሚመጡት በኩል ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ይህ መታወቂያ ግን በሌሎች አገሮች በኩል ለመሸጋገር ምንም ዋጋ የለውም።

የሚወስነው ማን ነው?

ብዙ ሰው ውሳኔው የሚሰጠው በሚያልፍበት አገር ይመስለዋል። በተግባር ግን የመጀመሪያው ውሳኔ የሚሰጠው ቦሌ ላይ፣ ሻንጣ በሚመዘንበት ጠረጴዛ ነው። ተገቢ ሰነድ የሌለውን መንገደኛ ያሳፈረ አየር መንገድ በተቀባዩ አገር ይቀጣል፤ መንገደኛውንም መልሶ ይወስዳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መመሪያ አባል አገሮች በአንድ መንገደኛ የሚጥሉት ቅጣት በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ የመመዝገቢያው ሠራተኛ አየር መንገዶች በጋራ የሚጠቀሙበትን ቲማቲክ የተባለ የጉዞ ሰነዶች የመረጃ ቋት ተመልክቶ ይወስናል። ቋቱ ቪዛ ያስፈልጋል ካለ ልመናም ሆነ ክርክር አይለውጠውም።

ሰነዱን የማሟላት ኃላፊነት በጉዞ ውሉ የመንገደኛው ነው። በዚህ ምክንያት ከበረራ የቀረ ሰው የትኬቱ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ላይመለስለት ይችላል። ይሁን እንጂ ይኸው ቋት ለተጓዡም ይጠቅማል፦ ትኬት ከመቁረጡ በፊት የአየር መንገዱን ቢሮ በዚህ ፓስፖርትና በዚህ መንገድ ምን እንደሚጠየቅ አይተው እንዲነግሩት ማድረግ ይችላል። የቪዛ ደንቦች በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለሚለወጡም አንዴ ሲቆረጥ፣ ሁለተኛ ከጉዞው ሳምንት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል።

“ትራንዚት ነው” የሚሉ ደላሎች

ትራንዚት የሚለው ቃል ለማታለያም ይውላል። ወጣቶችን “ቪዛ አያስፈልግም፣ በትራንዚት ትገባላችሁ፣ ከዚያ ሥራ ይገኛል” የሚል ሰው ሁለት ነገር እየደበቀ ነው። አንደኛ፣ የመሸጋገሪያ ፈቃድ በየትኛውም አገር የሥራ ፈቃድ አይሆንም፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ሰውየው ሕገ ወጥ ነዋሪ ይሆናል፣ ለቅጣት፣ ለእስርና ለመባረርም ይጋለጣል። ሁለተኛ፣ በዚህ መንገድ የሄደ ሠራተኛ ደመወዙ ቢከለከል ወይም ጉዳት ቢደርስበት የሚያስከብርለት ውል የለውም።

በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ለሥራ የሚሄድ ሰው የሚጓዘው በጸደቀ ውልና በሕጋዊ መንገድ ነው። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ልጁን ለመላክ ከብት ሊሸጥ ያሰበ ወላጅ ከደላላው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር የሥራ ውሉን ሊሆን ይገባል።

ወደ ባሌ ለሚመጡ እንግዶች

ጉዳዩ ከዚህ ወደ ውጭ ለሚሄዱት ብቻ አይደለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አዲስ አበባ ደግሞ ከብዙ አገሮች የሚመጡ መንገደኞች አውሮፕላን የሚቀይሩባት ከተማ ናት። በሮቤ፣ በጎባና በዲንሾ ያሉ አስጎብኚዎችና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ስለ መሸጋገሪያ የሚጠይቃቸው እንግዳ ሲያጋጥማቸው ትክክለኛውን ነገር ሊነግሩት ይገባል።

ቦሌ ላይ በቀጠናው ውስጥ ለሚቆይ መንገደኛ ቪዛ አያስፈልግም። ከማረፊያው ወጥቶ አገር ለማየት ግን የኬንያና የጅቡቲ ዜጎችን ከመሰሉት በስተቀር ቪዛ ይጠየቃል፤ ይህም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በኢንተርኔት ይሰጣል። በአዲስ አበባ ጥቂት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ወደ ባሌ መምጣት አይችልም። የሳነቴን አምባ ለማየት፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ወዳለው ቱሉ ዲምቱ ለመውጣትና ሰውነቱን ከከፍታው ጋር ለማላመድ ቢያንስ ሦስት ቀን ያስፈልገዋል። ስለዚህ እንግዳው ትኬቱን ሲቆርጥ ጉዞውን ስቶፖቨር አድርጎ፣ የቱሪስት ቪዛውንም አስቀድሞ ይዞ እንዲመጣ መምከር ይገባል። እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚነገረው ምክር ለሚቀጥለው እንግዳ እንጂ ለእርሱ አይጠቅምም።

ትኬት ከመቆረጡ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

ተጓዡ ወይም ትኬቱን የሚቆርጥለት ዘመድ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፎ ለትኬት ሻጩ ቢያቀርብ መልካም ነው።

1. በየት በየት አገር ነው የምወርደው? ስንት ጊዜስ አውሮፕላን እቀይራለሁ?
2. በኢትዮጵያ ፓስፖርት በዚያ አገር ቀጠና ውስጥ ለመቆየት ቪዛ ይጠየቃል? የያዝኩት ቪዛስ ነፃ ያወጣኛል?
3. የምወርድበትና የምነሣበት አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ነው?
4. ሙሉው ጉዞ በአንድ ትኬት ነው? ሻንጣዬስ እስከ መዳረሻው ይላካል?
5. በዚያ የምቆየው ስንት ሰዓት ነው? ሌሊት የሚያሳድር ከሆነ የት አድራለሁ?
6. የመልሱስ መንገድ? ያን ጊዜ ቪዛዬ ገና ያገለግላል?
7. ፓስፖርቴ ከመመለሻዬ ቀን በኋላ ስድስት ወር ይቀረዋል? የክትባት ካርዴስ ከጉዞው አሥር ቀን ቀድሞ የተሰጠ ነው?

ለሁለተኛው ጥያቄ “ችግር የለውም” የሚል መልስ በቂ አይደለም፤ መልሱ የአገሩን ስምና የደንቡን ቃል የያዘ፣ በጽሑፍ የተሰጠ ቢሆን ይመረጣል። ለአንዱም ጥያቄ ግልጽ መልስ ካልተገኘ ክፍያውን ማቆየት ይሻላል። ትኬት ነገም ይገኛል፤ የተሸጠ በሬ ግን ተመልሶ አይገዛም።